የአውልያው ደን ወሰን

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት ወደ ደሴ ስጓዝ አውቶቡሳችን ከሚሴ ላይ ተበላሸና ጥላ ፍለጋ ከመንገዱ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ምሳር ይስላሉ፤ አንድ ወጣት ፊታቸው ቆሞ ይለምናቸዋል። ሽማግሌው የመንደሩ አባት ሼህ ጀይሉ፣ ወጣቱ የእርሻ ትምህርት ጨርሶ የተመለሰው የወንድማቸው ልጅ ሙሐመድዘይን ነበሩ።

«አካም ጅርቱ» ብዬ በማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ! ተቀመጥና ፍረደን» አሉ ሼሁ። «መንግሥት ደን ሊቀይስ ይመጣል አሉ፤ የቀየሰውን ይወስዳል። ስለዚህ ጁምዓ ከሶላት በኋላ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ወይራውንና ጥዱን ይቆርጣል። ለመስጊዳችን ጣራ ይሆነናል።»

«አጎቴ፣ እንዳይወሰድብን ብለን በገዛ እጃችን እናጥፋው?»

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፣ ልጄ። ሞኝ ልሁን?»

እኔም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ነኝና የቢሮን ነገር አውቃለሁ፤ በሽማግሌው ፍርሃት አልሳቅሁም።

ሙሐመድዘይን ግን አልተቆጣም። «እዚህ በተቀበሩት ቅዱስ ሰው፣ በአውልያው መቃብር ዙሪያ ያለውን ዛፍ ማን ይጠብቀዋል?» አለ።

«ማን ይደፍረዋል! ከአያቶቻችን ጀምሮ ቅርንጫፉን የቆረጠ የለም።»

«ዘንድሮ ምንጩ ያልደረቀውስ የት ነው?»

ሼሁ መሳላቸውን አቆሙ። «እዚያው ነው።»

«የተመነጠረው የሙሳ ዳገትስ?»

«ወላሂ፣ ምንጩ ከደረቀ ሦስት ዓመቱ። አፈሩ ታጥቦ ጨፋ ሜዳ ወረደ፤ ሴቶቻችን ውሃ ፍለጋ ቦርከና ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ።»

«እንግዲያው ደን መጠበቅን ማንም አያስተምረንም። ጥበቃው ለመንደሩ ይሰጥ፣ ሣሩና የወደቀው እንጨትም የመንደሩ ይሁን ብዬ ለአውራጃው ጽፌአለሁ። ቀያሹ መጥቶ ጉቶ ካየ ግን በምን አፌ እከራከራለሁ?»

«የመስጊዱ ጣራስ?»

«ቆመው የደረቁ ጥዶች አሉ፤ ዞሬ አይቻለሁ፣ ይበቃሉ። ለሌላው ባሕር ዛፍ በየደጃችን እንተክላለን።»

የአውቶቡሱ መለዋወጫ ዕቃ እስኪመጣ ጁምዓ ደረሰብኝና መንደርተኛው ምሳሩን ይዞ ሲወጣ አየሁ። ሼህ ጀይሉ መንገዱ ላይ ቆመው፣ «ከዛሬ ወዲያ የአውልያው ወሰን የሙሳን ዳገት ጨምሮ እስከ ኮረብታው ጫፍ ነው» አሉና የራሳቸውን ምሳር መሬት አኖሩ። ሌላውም እየመጣ በላዩ ከመረ። ዱዓ ተደረገ። እኔ የሰው ሕግ ሁሉ ከቢሮ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያች ቀን በአገሬ ሰው ኮራሁ።

በሦስተኛው ዓመት ተመልሼ ብሄድ የሙሳ ዳገት ቡቃያ ለብሷል፤ የደረቀው ምንጭ እንስራ መሙላት ጀምሯል፤ ከብቱ በበጋ ታጭዶ የሚቀርብለት ሣር አለው። ጥበቃውም ለመንደሩ ጸድቋል።

«ቀያሹ ምን አለ?» ብዬ ሼሁን ጠየቅኋቸው።

«ደኑን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ‹ዘበኛው ማን ነው?› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«‹መዝገብህ ሰፊ ነው ወይ?› አልኩት። ‹መንደሩን በሙሉ ልጠራልህ ነው።›»