ግራ እጅ ያወጣችው ሀዋ

ያን ቀን ያላበኝ የአሶሳ ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ማስተማሬን የሚገመግመው ሱፐርቫይዘር ሳይነግረኝ መጥቶ ከክፍሉ ኋላ ዴስክ ላይ ቁጭ ብሏል። ወደ ቤተሰቦቼ አገር የምዛወረው ደግሞ እሱ በሚሰጠኝ ነጥብ ነው። የማስተምረው እንግሊዝኛ፣ ያውም የ«አፌክት» እና የ«ኢፌክት»ን ልዩነት። «‹አፌክት› አንድን ነገር መንካት፣ መለወጥ ነው፤ ‹ኢፌክት› ከዚያ የሚመጣው ውጤት ነው» ብዬ ከመጽሐፉ እንዳለ ተናገርኩ።

ከተማሪዎቼ ጋር ደግሞ ምስጢር አለን። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም እጅ ያወጣል፤ የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ። እኔ ቀኙን ብቻ እጠራለሁ። «በምሳሌ የሚያስረዳ?» ስል ክፍሉ በእጅ ተሞላ። ገና እፎይ ሳልል ሱፐርቫይዘሩ «መምህር፣ እኔ ልምረጥ» ብሎ ሀዋን ጠቆመ። ያወጣችው ግራ እጇን ነው! ክው አልኩ። ሀዋ ተነሳች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ግራ ነው ያወጣሁት!» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቁጭ በይ፣ ልጄ። ምሳሌውን መምህር ይስጡን» አለ። ከመጽሐፉ ውጪ አንድም ምሳሌ አጣሁ። ከፊት ያሉት ልጆች አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ነው ግራ እጄን ማውጣቴን ያወቅኩት።