ኮሌታው የኔ ነው

— ሄሎ? ... አቤት። ... አንቺ ነሽ እንዴ? ... ደህና ነኝ። ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ። ... ቆይ አንዴ — እሷ ናት እማዬ! የስፌት ቤቷ ጓደኛዬ! ... እሺ፣ እላታለሁ። — እማዬ ሰላም በያት እያለች ነው። ስትመርቅሽ ነው የዋለችው፣ ምስኪን።

— አይ፣ አላለቀስኩም። ... አዎ፣ ስፌት ቤታችን ከተዘጋ ዛሬ አስራ ሁለት ቀኑ። ... ምን እሆናለሁ? ጠዋት ተነስቼ እለባብስና የምሄድበት ይጠፋኛል። ቦርሳዬን አንግቼ በር ላይ እገተራለሁ። ... እሺ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ... ውሃም ጠጥቻለሁ። ... በእግሬም ሄጃለሁ። ዛሬማ ብዙ ሄድኩ። የት መሰለሽ?

— አዲሱ ስፌት ቤት።

— ሄሎ? ... ትሰሚኛለሽ? ... ማን ነገረሽ ነው ያልሽው?

— ማን ይነግረኛል? በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይቼ ገባሁ። ኃላፊዋ፣ ደግ ሴት ናት፣ «አንድ ሰው ነበር የምንፈልገው፣ ትናንት ቀጠርን» አለችኝ። ... ቆይ ልጨርስ። «ሌላ ቦታ ሲከፈት እንድጠራሽ፣ እንዲህ መስፋት ትችያለሽ?» ብላ ከመሳቢያ ኮሌታ አወጣች። የተቀጠረችው ሴት ለናሙና ያመጣችው ነው አለች። ገልብጬ አየሁት። ... አዎ። ... አዎ፣ እሱን።

— በግራ እጄ እንደምሰፋ ረሳሽው? በዚያ ሁሉ ሴት መሃል ክሩ በተቃራኒው የሚተኛው የኔ ብቻ ነው! ... «ለልጄ ሸሚዝ» ብለሽ አይደል የወሰድሽው? እኔ ጅሏ ደግሞ ተኩሼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ!

— አልነገርኳትም። «ጎበዝ ሰፊ ናት» ብዬ ወጣሁ። ... አታመስግኚኝ! እንዳታመሰግኚኝ!

— ልጆች እንዳሉሽ አውቃለሁ። ጭንቀቱንም አውቀዋለሁ፣ አብረን አይደል የተጨነቅነው? «የትም ብንገባ ተያይዘን ነው» ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እጄን ይዘሽ። እውነቱን ብትነግሪኝ እኮ... እያወቅሁ እሰፋልሽ ነበር! ... አልጮህኩም እማዬ!

— ምን? ... ድገሚው እስቲ። ... ነገ ፊታቸው ሊያሰፉሽ? እና የኮሌታው ጫፍ እንዴት እንደሚገለበጥ ልትጠይቂኝ ነው የደወልሽው? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ! ... ጫፉ ላይማ ሁለት ስፌት ሲቀርሽ ጨርቁን... ኧረ ምን ነካኝ እኔ!

— ስሚኝ። ከዚያ ስወጣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። ስልኬን አወጣሁ። ያንቺን ቁጥር ነካሁ። ... ለስድብ አይደለም። ያደረግሽኝን ላንቺው ልነግርሽ ነበር! አስራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ክፉ ሲገጥመኝ ሌላ ሰው ጋ ደውዬ አላውቅማ። ... አሁን ለማን ልንገር? ... እኮ ለማን?

— አታልቅሺ። ... ዝጊው። ... እሺ፣ እኔ እዘጋዋለሁ።