በካሴት የሄድኩበት ሽምግልና

በኛ ጊዜ፣ ያኔ ለንደን ስንገባ፣ ፀጉሩ የሸበተ አበሻ ጥቂት ነበር፤ ታዲያ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር ሽማግሌ ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። ፀጉሬ ሸበተ እንጂ እኔ ንግግር የት አውቅና።

ደረጀ የሚባል ልጅ ዌምብሊ ኳስ ሊያይ ሄዶ የገዛ ልጁ ክርስትና አመለጠው። ሚስቱ አስቴር ልብሱን በፌስታል አድርጋ ደጅ አስቀመጠችለት። እና የት ይሂድ፤ እኔ ዘንድ መጣ፣ ብሪክስተን። ያለችኝ አንድ ክፍል ናት። ሦስት ሳምንት እሱ አልጋዬ ላይ፣ እኔ ወለል ላይ። ያንኮራፋል ደግሞ።

«ጋሽ ታምራት፣ ይሂዱና ያስታርቁኝ፤ ልጄ ናፈቀችኝ» ይለኛል።

«ምን ብዬ?»

«አስቴርን እንደምወዳት ይንገሩልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከኔ አፍ ይወጣል?

ታዲያ ሂትሮው አየር ማረፊያ አብሮኝ የሚያጸዳ ሆሴ የሚባል ኮሎምቢያዊ ነበር። የአገሩን ዘፈን በካሴት ይከፍትና እየወለወለ ያለቅሳል። «ምንድነው የሚለው?» አልኩት። ደረቱን ይዞ «ላቭ፣ ላቭ» አለኝ። ላቭ ከሆነማ ብዬ ካሴቱን ተዋስኩት።

እና ሄድኩ። አስቴር ወንበር ሰጠችኝ። «ደረጀ የሚልሽን ይሄ ይነግርሻል» ብዬ ካሴቱን ሰጠኋት። ከፈተችው። ዘፋኙ አለቀሰ፣ እሷ ጆሮዋን ወደ ቴፑ አስጠጋች። ልቧ ተነካ ብዬ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሆቴል ከኮሎምቢያ ሴቶች ጋር አራት ዓመት አልጋ ሳነጥፍ እንደኖርኩ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እስፓኒሽ እሰማለሁ» አለችና ትተረጉምልኝ ጀመር። «ከጓደኛዬ ጋር አየሁሽ ይላል። ከሐዲ ይላል። ደጄ ላይ ተንበርክከሽ ብታለቅሺም አልከፍትልሽም ይላል።»

ትሰማላችሁ? ደጅ የሚጠናው እኮ ደረጀ ነው።

«እስቲ በዚያኛው ገጽ» አልኳት። ገለበጠችው።

«እዚህ ደግሞ ሞትሽን ያሰማኝ ይላል።»

ተነሥቼ ኮቴን ፈለግሁ። ዞር ስል አስቴር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ከክርስትናው ወዲህ ስስቅ ዛሬ ነው። ይምጣ ይበሉት። ካሴቱ ግን እኔ ጋ ይቀራል» አለች።

እና ይኸው፣ እሱ ኳስ ሊሄድ ኮቱን ሲያነሳ እሷ ካሴቱን ትከፍታለች። ደረጀ እስፓኒሽ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ኮቱን ግን መልሶ ይሰቅላል።

«ሆሴስ፣ ካሴቴን አላለዎትም?» ትሉኝ ይሆናል።

አለኝ እንጂ። ደረቴን ይዤ «ላቭ» አልኩት። አለቀሰ፣ ሌላም አልጠየቀኝ።