ሻሽ ቂም ይዛ አይደለም

በሥራቸው የተመሰገኑ አንዲት ልብስ አጣቢ አንድ ጠዋት ክዳኑ የታሰረ ቅርጫት ታቅፈው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ከቅርጫቱ ውስጥ የድመት ድምፅ ሲሰማ አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ዞር አለች። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም።

«እትዬ፣ ሻሽን ወዴት ይዘዋት ነው?»

«ከወንዙ ማዶ ልጥላት! ተኩሼ ያስቀመጥኩት የሙሽራ ቀሚስ ላይ ሸናችብኝ። ደግሜ አጥቤ ባስረክባትም የሙሽራዋ ፊት አልተፈታም። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።»

«አዝናለሁ። ግን ለምን ይመስልዎታል?»

«ቂም ነዋ! በጫማ ስለምመታት ልትበቀለኝ ነው። አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ብደፍቀው እንኳ አልተመለሰችም።»

«ድመት በቀል አታውቅም፣ እትዬ። ሲመቷት የምትማረው እርስዎን መፍራት ብቻ ነው። ለመሆኑ ድሮም እንዲህ ነበረች?»

ሴትዮዋ አሰብ አደረጉ። «ኧረ የለም! አምስት ዓመት ሙሉ ከአሸዋ ሣጥኗ ውጪ ሸንታ አታውቅም። አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከገባ ወዲህ ነው።»

«ሣጥኑስ የት ነው ያለው?»

«ቦታ ቢጠበኝ ከማሽኑ ጎን ወሸቅኩት።»

«ማሽኑ ሲጨምቅ ቤቱን ያናውጠዋል። እርስዎስ እንዲህ ያለ ቦታ ልብዎ አርፎ ይቀመጡ ነበር?»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ታዲያ ለድመት ብዬ ማሽኔን ላውጣ?»

«ሣጥኑን ብቻ ጸጥ ወዳለ ጥግ ያዛውሩት፤ ከምግቧም ይራቅ፤ በየቀኑም ይጽዳ። እዚያ በሸናች ቁጥር ወዲያው ትንሽ ሥጋ ይስጧት። ስታጠፋ ግን አይምቷት፤ ዝም ብለው ያጽዱ። ከሁሉ በፊት ልመርምራት፤ ሕመም ከሆነ ምክር ብቻ አያድናትም።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሴትዮዋ ተነሡ፣ ቅርጫቱን አዩ፣ መልሰው ተቀመጡ። «እስኪ ይሁን፣ ልጄ።»

ድመቷ ጤነኛ ሆና ተገኘች። ሣጥኑም ጓዳ ገባ። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ፤ በሦስተኛው ሻሽ ፎጣ ላይ ሸናች። ሴትዮዋ ደማቸው ፈላና ጫማቸውን አንሥተው ተጠጉ። ድመቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዞረው ሣጥኑን ቢመለከቱት፣ ሥራ በዝቶባቸው ሦስት ቀን ሳያጸዱት ቆይተዋል።

«የሰው እድፍ ሳጥብ እየዋልኩ የአንቺን ረሳሁት» አሉና ጫማውን መልሰው አጠለቁት።

ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን በየቀኑ ስላጸዱ ቤታቸው ሽንት ሽንት መሽተቱን ተወ፤ ሽታውን የሸሹት ደንበኞችም ተመለሱ። ድመቷም ሴትዮዋ ሲነሡ አልጋ ሥር መግባቷን ትታ ልብስ ሲያጣጥፉ አጠገባቸው ትተኛ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ፣ «ድመቴ ሶፋዬን ቧጥጣ ጨረሰችው፤ በመጥረጊያ ብላት ብሠራትም አልሰማ አለች» ስትላቸው፣ የያዙትን ሸሚዝ አስቀመጡ።

«መጥረጊያውን ለቤትሽ ተዪው» አሏት። «ለመሆኑ የምትቧጥጠው ሌላ ነገር ሰጥተሻታል?»