የመጋቢት ሃያ ዘጠኝ ባለቤት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የመጋቢት ወር ሊጋመስ ሲል፣ መካነ ሰላም ከተማ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዝናብ ያዘኝ። የበልግ ዝናብ በዚህ አገር ከጀመረ በዋዛ አይለቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠፍቶ ሕዝቡን ስለፈጀ አሁን ማንም አያማርረውም፤ ቆርቆሮው በበረዶ ሲደበደብ እንኳ ሰው ፈገግ ይላል። እኔ የከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ወደዚያ የገባሁትም ለመጠለል እንጂ የማስፈጨው እህል ኖሮኝ አልነበረም።

ከእኔ በፊት ባልና ሚስት ገብተው የገብስ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባልየው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ዜማ ያስተምራሉ፤ በዙሪያው ያሉ ደብሮች ካህናት እርሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር ለሕዝብ አይናገሩም። ሚስታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰዋል። ብርሃን ስለሚወጋቸው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

ጥቂት ቆይቶ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገበየሁ ውሃ እየተንጠባጠበበት ገባ። ገበየሁ የኩታበር ልጅ ነው፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ከያዘው ነገር ግን ንቅንቅ አይልም። መሪጌታውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ወደ እርስዎ ቤት ስሄድ ነው ዝናቡ የያዘኝ። እንኳን እዚሁ አገኘሁዎ» አለ። «የማስቸግርዎ ጉዳይ አለኝ፣ የኔታ።»

«አብሽር ልጄ፣ አረፍ በል። ይህ በረዶ ሳያባራ የትም አትሄድ። ምንድን ነው ጉዳይህ?»

«መጋቢት ሃያ ዘጠኝ የዓለም የጤና ቀን ነው። በየዓመቱ በየአገሩ ይከበራል፤ የዘንድሮው ስለ ዓይን ነው። ለዚሁ ብለው ከደሴ የዓይን ሐኪሞች ይመጡልናል። አንድ ቀን ውለው ያልፋሉ። እርስዎ ለሕዝቡ ቃል ቢነግሩልን ብዙ ሰው ይመጣል፤ ዝም ካሉ ግን ማንም አይመጣም።»

መሪጌታው ጢማቸውን አሻሹ። «መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ባለቤት አለው» አሉ። «በዓለ ወልድ ነው፤ ጌታችን በእመቤታችን ማሕፀን የተፀነሰበት ቀን። ሥራ አይሠራበትም፤ ቢላ ተነሥቶ ደም ሊፈስበትማ ጭራሽ አይታሰብም። ከወሩ ሠላሳ ቀን ባለቤት የሌለው አንድም አላውቅም። የእናንተን በሽታ ከየትኛው ጻድቅ ጎን ላስቀምጠው?»

«ቀኑን ልንነጥቅ አይደለም። እንዲያውም ሕዝቡ ከሥራ የሚያርፍበት መሆኑ ይረዳናል።»

«እስቲ ስማኝ ልጄ። እኔ ቀን ሰልችቶኛል። ቀድሞ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የንጉሡን ልደት አክብሩ ተባልን፤ ባንዲራ ሰቀልን። ከቆላው የወጣው ሰው በየመንገዱ ይወድቅ በነበረበት ጊዜ ነው ይህን ያደረግነው። አሁን ደግሞ መስከረም ሁለት ተሰለፉ ተባልን፤ ተሰለፍን። ሚያዝያ ሃያ ሦስት የላብ አደሩ ቀን ነው አላችሁ፤ እሺ አልን። በስልሳ አምስት የደብራችን ቅጥር ለመቃብር ጠብቦን ሟቹን አንዱን በአንዱ ላይ ስንደርብ፣ ይህ የተራበ ሰው ቀን ነው ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። ቀን የምትሉት ነገር ይኸው ነው፤ ትጮኹና ትበተናላችሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያም ስለሆነ ይበልጥ ከበደ።

«ያሉት ሁሉ እውነት ነው» አለ ገበየሁ። «የንጉሡ ልደት ለንጉሡ ነበረ። ይህኛው ለበሽተኛው ነው። መከበሩም የሚታወቀው በባንዲራ ሳይሆን በዳነው ሰው ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየወሩ ገብርኤልን የሚዘክሩት በቀረው ቀን ስለማይለምኑት ነው?»

«ምን ማለትህ ነው፤ በየማለዳው እለምነዋለሁ።»

«ታዲያ ዝክሩ ለምን አስፈለገ?»

«ሰው ዝንጉ ነዋ። እርሻ አለ፣ ከብት አለ፣ ሙግት አለ። ቀን ካልተቆረጠለት የሚወደውንም ይረሳል።»

«እኔም ከዚህ የተለየ የምለው የለኝም» አለ ገበየሁ።

መሪጌታው ተማሪያቸው ያልጠበቁትን ሲመልስ እንደሚስቁት ሳቁ። ወዲያው ግን ሌላ በር ያዙ።

«ይሁን፣ ረታኸኝ። ለዓይን ግን ይህን ያህል ሽብር ምንድን ነው? እኔን ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ ተክለ ሃይማኖት ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ነበሩ። እኛ መጽሐፍ ይዘን ስንስት፣ እርሳቸው በቃላቸው ያርሙን ነበር። እግዜር ዓይናቸውን ቢወስድ ልቡናቸውን አበራላቸው። አገር ያከበራቸው ሰው ነበሩ።»

«ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ማን ነበር?»

«እኛ ተማሪዎቹ። በተራ በተራ በትራቸውን እየያዝን።»

«ውሃስ?»

«እኛው እንቀዳለን።»

«የሚበሉትንስ?»

«ለምነን እናመጣለን። አንተ ልጅ፣ ወዴት ልትወስደኝ ነው?»

«እትዬ የዓለምዘርፍን ማን ይመራቸዋል ልል ነው።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከግድግዳው ዘወር አሉ። በዚህ አገር ዓይኑ የጠፋ መምህር ተማሪ ስላለው ይከበራል። ዓይኗ የጠፋ ሴት ግን ከምድጃ ጥግ ትቀመጣለች፤ የማታየውን ሥራ ሠርታ ካቃጠለች ትነቀፋለች፤ ከተወች ደግሞ ሸክም ትባላለች። ይህን ልዩነት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንሥተን የተነጋገርንበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

መሪጌታው ጥቂት ተቆጡ። «የሚስቴን ዓይን የምጠብቅ እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ አስቀምጬ ወደ ውስጥ የገባውን የሽፋሽፍት ፀጉር በወረንጦ እነቅልላታለሁ። ካህን የሴት ራስ ታቅፎ ይውላል ብለው የሚያሙኝ አሉ፤ አልተውኩም። ከዚህ በላይ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

እውነታቸውን ነው። ቅዳሜ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያየዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ለሚስቱ እንዲህ የሚደክም ባል በከተማው ውስጥ ሌላ አላውቅም።

ገበየሁ አስፈቅዶ ወይዘሮ የዓለምዘርፍን ወደ በሩ አቀረባቸውና የዓይናቸውን ቆብ ገለጠ። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቅር አይበልዎ፣ የኔታ። የእርስዎም ዓይን ደክሟል። ሲነቅሉት ግማሹ ከሥሩ አይወጣም፤ ይሰበራል። የተሰበረው አጥሮና ጠንክሮ ይበቅላል፤ ዓይናቸውን ባርገበገቡ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። የቀኙ ነጭ ሆኗል፤ እርሱን ማንም አይመልሰውም። የግራው ገና ነው። የቆቡን ቆዳ ጥቂት ቀድደው ፀጉሩን ወደ ውጭ ይመልሱታል፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ካልታከመ ግን እስከ ከርሞ የሚቆይ አይመስለኝም።»

መሪጌታው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ቀኝሽ አያይም?»

«አያይም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከረሃቡ ዓመት ወዲህ ነው።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ያህል ሲደክሙልኝ፣ አልጠቀመኝም ብዬ እንዴት ልናገር? ይከፋዎታል ብዬ ነው።» ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አሁን ግን ልናገር። እኔ እንደ የኔታ ተክለ ሃይማኖት ዜማ የለኝም። ውሃውም እንጨቱም ፈትሉም በዓይን ነው። ዓይኔ ከጠፋ የሚቀረኝ ነገር የለም። ቀኑ የማንም ይሁን የማን፣ ይስደዱኝ።»

በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር። መሪጌታው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጣቶቻቸውን አዩ። እኔ ተቆጥተው ይነሣሉ ብዬ ነበር። ሲናገሩ ግን ለራሳቸው ትምህርት እንደሚሰጡ ሆነው ነው።

«ቀኑ አምላክ ሥጋ የለበሰበት ነው» አሉ። «እርሱ ሥጋችንን ካልተጸየፈ፣ እኛ ተጸያፊዎች ልንሆን አይገባም። በዚህ ቀን የታመመ ሥጋ ቢታከም ለበዓሉ ክብር ነው። ይህን ስንት ዘመን ሳስተምር ኖሬ፣ ከገዛ ጎጆዬ ሲደርስ አልታየኝም።» ከዚያ ቀና ብለው ገበየሁን አዩት። «እነግርልሃለሁ። የታመመ ከማለዳው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቅዳሴ የቀረበት በእኔ ይሁን። ነገር ግን ሰልፍ የለም፤ መፈክርም የለም።»

ገበየሁ ይህን ማስረጃ እርሱ ሊያመጣው እንደማይችል በግልጽ ተናገረ። እኔም አልችልም ነበር። ሽማግሌን ማሳመን የምንፈልግ የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የእኛን ቃል እንጭንበታለን፤ መንገዱን ግን እርሱ ራሱ ያውቀዋል።

መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ረቡዕ ዋለ። መሪጌታው ከእሑድ ጀምሮ ስለተናገሩ፣ ገና በማለዳው የጤና ጣቢያው አጥር በሰው ተሞላ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መፈክር የተጻፈበት ረጅም ቀይ ጨርቅ ይዞ መጣ። መሪጌታው በትሕትና ተቀብለው ለበሽተኞቹ የፀሐይ መከለያ አድርገው አሰቀሉት፤ ሊቀ መንበሩም አብሮ ገመድ ይስብ ጀመር።

የመጀመሪያውን ቢላ ሁሉም ፈራ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቀድመው ተኙ፤ መሪጌታው እንደ ቅዳሜው ራሳቸውን ያዙላቸው። ከእርሳቸው በኋላ የሚያመነታ አልነበረም። እስኪመሽ ድረስ በሌላ ሰው በትር እየተመሩ የመጡ ሰዎች ታከሙ። ለሕፃናቱ ቅባት ታደለ፤ እናቶችም የልጆቻቸውን ሁሉ ዓይን በአንድ ነጠላ ጫፍ እንዳይጠርጉ፣ ውሃ ቢያንስ እንኳ ጠዋት ጠዋት በአንድ እፍኝ ፊታቸውን እንዲያጥቡ ተነገራቸው። ዝንብ ከታጠበ ፊት ላይ አይቆይም፤ በሽታውን ከልጅ ወደ ልጅ የሚያዞረው ደግሞ እርሱ ነው። ይህን ለማድረግ ገንዘብም መድኃኒትም አያስፈልግም። በየጎጆው ብቻውን የሚሠቃየው ሰው ቀን ተቆርጦ ሲሰበሰብ፣ በሽታው የእርሱ ኃጢአት ወይም ዕድል አለመሆኑን ከጎኑ የተቀመጠውን አይቶ ይረዳል። የእንዲህ ያለ ቀን ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ፋሻው የተፈታ ዕለት እኔም ልጠይቃቸው ሄድኩ። የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ግራ ዓይን ቀልቶ ነበር፤ ነገር ግን ከደጅ ያለውን ሰው ሁሉ በየስሙ ጠሩ። መሪጌታው ገበየሁን ወደ ጎን ወሰዱት።

«ይህ ቀን ዘንድሮ የተጀመረ ነው?»

«የቆየ ነው፣ የኔታ። እኔ ልጅ ሳለሁም ነበረ።»

«በስልሳ አምስትም ነበረ?»

«ነበረ።»

«እዚህ ግን አልደረሰም።»

«አልደረሰም» አለ ገበየሁ፤ ዓይኑንም ከእርሳቸው ላይ አነሣ።

መሪጌታው ዞረው የሚስታቸውን ነጭ ብሌን ሲያዩ እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። «እንግዲህ እኔ አደርሰዋለሁ» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ በየደብሩ ዞሬ እናገራለሁ። ከርሞ አልሰማሁም የሚል ሰው አይኖርም።»

«ብቻዎን ከሄዱ ስብከት ይመስላቸዋል» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከተቀመጡበት። «እኔን ይውሰዱኝ። ቀኑ ሳይደርስለት የቀረውንም፣ የደረሰለትንም ዓይን ያሳዩዋቸው።»

ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ሁለቱ በአንዲት በቅሎ በየደብሩ ዞሩ። መሪጌታው ይናገራሉ፤ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገልጠው ያሳያሉ።