የጫት ሰዓት ግምገማ

ሐረር የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ረዳት ሳለሁ ነው። የመጪውን ዓመት ዕቅድ ሊያጸድቅ፣ ከአዲስ አበባ ገና የተዛወረ ካድሬ ሰኔ ላይ በስምንት ሰዓት ከተፍ አለላችሁ። የታካሚዎች መጠበቂያ አግዳሚው ወና! "ጓድ ሲስተር፣ በሽተኛ በሌለበት የምን ዕቅድ ነው? ክፍሉ ይዘጋ!" ሲል የኃላፊያችን ፊት ዐመድ መሰለ። ጠዋት ጠዋትማ፣ ሳልዋሽ፣ ሰልፉ ከከተማው ውጭ ድሬ ጠያራ ይደርስ ነበር!

ዘልዬ ተነሣሁ። "ጓድ፣ አሁን ከተማው በሙሉ ጫት ላይ ነው! በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ሰው ካገኙ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የኛ ታካሚ!" አልኩና እጁን ይዤ ወደ ትልቁ ገበያ፣ ወደ ጊደር መጋላ አስሮጥኩት። ገበያው ጭር ከማለቱ የተነሣ ኮቴያችን እንደ መድፍ ያስተጋባል። ያመለጡ ታካሚዎችን እጃቸውን ይዤ ስመልስ የምታውቀኝ አንዲት ቅመም ሻጭ ብቻ ከተጋደመችበት ቀና ብላ፣ "በአላህ! ይሄን ምስኪን ቀስ አድርገህ ውሰደው እንጂ፣ አታስሩጠው!" አለችኝ።

እኔ እጁን ቶሎ ለቀቅሁ። ካድሬው ግን የጁገል ግንብ እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ሳቀና፣ "በል መልሰኝ። ለመጪው ዓመት የመጀመሪያው ታካሚ ብላችሁ እኔን መዝግቡ፤ ዕቅዱ ጸድቋል!" አለ።