ድልድዩ የተዘጋ ዕለት

ዳኛ ጥላዬ መጀመሪያ ወደዚህ የማኅበራችን አዳራሽ የመጡ ቀን፣ በዚያ በካርቱም የግንቦት ሙቀት፣ ሙሉ የሱፍ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ነበር። እዚህ ያለነው የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የተሰበረ ማራገቢያ ይዘን ነው። ተቀመጡና በዚያ በአውራጃ ፍርድ ቤት ድምፃቸው፣ «ተከሳሽ ይቅረብ!» አሉ። እኔ ብድግ አልኩ።

«አንተ ምን አጠፋህ?»

«ምንም ጌታዬ፣ ስም ጠሪው ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ተነሣህ?»

እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረ ሰው እንደዚያ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይነሣል፣ ጋሼ ጥላዬ። ከዚያ ወዲህ፣ እስከዚህ የመሸኛ ቀንዎ ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሽምግልናው ሸንጎ አጠገብዎ ተቀምጬ ስም ጠራሁ።

የእርስዎን ደንብ እዚህ የማያውቅ የለም። የተጣሉ ሁለት ሰዎች ወደ ሸንጎ የሚመጡት በአንድ አምጃድ ታክሲ ነው፤ ለየብቻ የመጣ አይሰማም። «ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። እኔ ታክሲ ፈቀድኩላችሁ» ይላሉ። ግማሾቹ መንገድ ላይ ታርቀው ይደርሳሉ። ፍሰሐና አማቱ ግን በር ላይ ሲወርዱ ሾፌሩም አብሮ ተጣልቶ ነበር። «ያላ፣ እሱንም አስገቡት» አሉ ጋሼ።

በአብዮቱ ጊዜ ልጆቹ በየመንገዱ «ሑሪያ፣ ሰላም፣ ወ አዳላ» እያሉ ሲያልፉ ጋሼ በመስኮት ያዳምጡ ነበር። ትርጉሙን ጠየቁኝ። ነጻነት፣ ሰላም፣ ፍትሕ አልኳቸው። «አየህ ነቢዩ፣ ፍትሕ የተጠራችው መጨረሻ ነው። ሁልጊዜም መጨረሻ ነው የምትደርሰው። እኛ እስክትደርስ በሩን አንዝጋ» አሉኝ።

አሁን የምናገረው የመጣሁበትን ነው።

የ2011 ሰኔን ታስታውሳላችሁ። ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ ድልድዩ ተዘግቶ። እህታችን ብርቅነሽ ከወንዙ ማዶ ከባሕሪ መምጣት አቃታት። ሱቅ ዐረቢ ገበያ የነበራት የሻይ ቦታ ክርክር ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቀርታ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ጋሼ፣ «የላከችው ቃል አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም» አልኩ። በሌለችበት ተፈረደባት፤ ቦታዋንም አጣች።

ከወር በኋላ ድልድዩ ተዘግቶባት እንደነበር ሰሙ። ሸንጎውን ሰብስበው ከወንበራቸው ተነሡና፣ «ያልሰማሁትን ፈርጃለሁ። በአደባባይ የተሳሳተ ዳኛ በጓዳ አያርምም» ብለው ይቅርታ ጠየቋት። ነገሩ እንደገና ታየ፤ ቦታዋም ተመለሰላት። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ስሟን እንደገና ጠራሁ።

ብርቅነሽ በዚያ ጠዋት ስልክ ደውላልኝ ነበር። «ነቢዩ፣ ወታደሮቹ አላሳልፍ ብለውኛል፣ ለዳኛው ንገርልኝ» ብላኛለች። አልነገርኩም። ባለቤቴ ጸሐይወርቅ ካረፈች ገና አርባዋ አልወጣም ነበር። ብርቅነሽ ለቅሶ አልደረሰችም ብዬ ቂም ይዤባት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እየጸለይኩ፣ ሸንጎ ላይ ቂም ይዤ እቀመጥ ነበር። ሁለት ዓመት ንስሐ ገባሁ እያልኩ ለራሴ አወራለሁ፤ ይቅርታ ግን የሚጠየቀው የተበደለው ሰው ነው።

ጋሼ፣ የእኔን ጥፋት ተሸክመው ከዚህ እንዲሄዱ አልፈልግም። ዛሬም ለንግግር ሲጠሩኝ «ተከሳሽ ይቅረብ» ቢሉ ብድግ ብያለሁ፤ አሁን ግን የምነሣበትን አውቄ ነው።

አመሰግንዎታለሁ። ዳኝነት ማወቅ ሳይሆን መስማት መሆኑን ያየሁት ከእርስዎ ነው። ጎንደር ልጅዎ ሳራ ዘንድ ሲገቡ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሱፉንም እዚያ ይልበሱት፤ እዚያ ብርድ አለ።

የከርከዴ ብርጭቋችሁን አንሡልኝ። ለዳኛ ጥላዬ። የሚሰማቸው ሰው አይጡ።

ብርቅነሽ፣ ፍርዱ ያንቺ ነው። ደንቡ ግን ያው ነው፤ ውጪ አንድ አምጃድ አቁሜያለሁ። እስከ ባሕሪ አብረን እንሂድ።